ደሴትና ጎረቤቶቿ

ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ ምንባብ፣ ሰዋስውና ገላጭ ድርሰት

የትምህርቱ ዓላማ

ተማሪዎች ይህን ትምህርት ከጨረሱ በኋላ፣
1. የአንድን አገር ወይም ቦታ አቀማመጥ፣ ወሰንና ጎረቤት በትክክል የሚገልጹ ዐረፍተ ነገሮችን ይጽፋሉ፤
2. የታወቀውን፣ የተገመተውንና በትውፊት የሚነገረውን በግሥ አጠቃቀም ለይተው ያስቀምጣሉ፤
3. ስለሚያውቁት ቦታ ባለ ሦስት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ያዘጋጃሉ።

ሀ. ከንባብ በፊት

በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቡድን ሆናችሁ ተወያዩ። ከዚያም ምንባቡን በጥሞና አንብቡ።
1. ደሴት ማለት ምን ማለት ነው? ከባሕረ ገብ ምድርስ በምን ትለያለች?
2. የጣና ሐይቅ ደሴቶች ስንት ናቸው? ቁጥሩን ከማን ሰማችሁት? ወይስ ከየት አነበባችሁት?
3. ጎረቤት የሚባለው ድንበር የሚዋሰን ብቻ ነውን?

ለ. ምንባብ

የጣና ደሴቶች ስንት ናቸው?

ደሴት በዙሪያዋ በውኃ የተከበበች የብስ ናት። በሦስት ወገን በውኃ ተከብባ በአንድ ወገን ብቻ ከሰፊው የብስ ጋር የተያያዘች ከሆነች ግን ባሕረ ገብ ምድር ትባላለች። ይህ ልዩነት በቃል ሲነገር ቀላል ነው፤ በመሬት ላይ ሲታይ ግን ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ምክንያቱም ውኃ ይሞላል፤ ውኃ ይጎድላል። በመስከረም ወር በታንኳ ካልሆነ የማትደረስ ቁራሽ መሬት፣ በግንቦት ወር በእግር የሚሄዱባት ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ስለ ደሴት የሚጽፍ ሰው ስለ መሬቷ ብቻ ሳይሆን፣ መሬቷን ደሴት ስላሰኛት ውኃም መጻፍ ይገባዋል።

በዓለም ላይ ግዛታቸው በሙሉ በደሴት ላይ የሆነ ብዙ አገሮች አሉ። ከአፍሪካ በስተ ምሥራቅ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ማዳጋስካር፣ ኮሞሮስ፣ ሞሪሽየስና ሲሸልስ ይገኛሉ። ማዳጋስካር በስፋቷ ከዓለም ደሴቶች አራተኛዋ ስትሆን፣ ከሞዛምቢክ የሚለያት የሞዛምቢክ የባሕር ወሽመጥ ነው። ከማዳጋስካር በስተ ምሥራቅ ያለችው ሞሪሽየስ ከዋናዋ ደሴት ሌላ፣ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘውን ሮድሪገስን ታስተዳድራለች። የኮሞሮስ ነገር ደግሞ ከዚህ ይለያል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ነፃነቷን ባወጀች ጊዜ ማዮት የተባለችው ደሴት በፈረንሳይ ሥር ቀርታለች፤ ኮሞሮስ ግን የግዛቴ አካል ናት ትላለች። ሲሸልስን ብንወስድ፣ የደሴቶቿን ቁጥር 115 የሚሉ መጻሕፍት አሉ፤ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ግን 155 ደሴቶችን ይዘረዝራል። እንግዲህ የአንድን ደሴታዊ አገር ግዛት ለመግለጽ የሚነሣ ጸሐፊ፣ ስንት ደሴት እንዳለና የማን እንደ ሆነ ከመጻፉ በፊት ማን እንደ ቈጠረና ማን እንደ ተናገረ መጠየቅ አለበት።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የላትም፤ የዳህላክ ደሴቶችም በኤርትራ ግዛት ውስጥ ናቸው። ሆኖም ኢትዮጵያ ደሴት የላትም ማለት አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በዝዋይ ሐይቅ ላይ ቱሉ ጉዶንና ሌሎች ደሴቶችን እናገኛለን። በሰሜን ምዕራብ ደግሞ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ጣና፣ ደሴቶቹን በሆዱ ይዞ ተንጣሎ ይታያል።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,788 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አምባ ላይ የሚገኝ ሐይቅ ነው። ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የቆዳ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን ያህል ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሆነው ስፍራ እንኳ ከ14 እስከ 15 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ሐይቅ ውኃው ጥቂት ዝቅ ሲል ዳርቻው ብዙ ይሸሻል። ይህን ነገር አስታውሱት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ዋና ዋናዎቹ በደቡብ ግልገል ዓባይ፣ በምሥራቅ ርብና ጉማራ፣ በሰሜን ደግሞ መገጭ ናቸው። ከሐይቁ የሚወጣው ወንዝ ዓባይ ሲሆን፣ የሚወጣውም በባሕር ዳር አጠገብ ነው።

ከደሴቶቹ ሁሉ ትልቋ ደቅ ናት። ከደቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ዳጋ ትገኛለች። ወደ ሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ቀረብ ብላ ጣና ቂርቆስ፣ በደቡብ ከባሕር ዳር ብዙ ሳይርቁ ደግሞ ክብራንና እንጦስ ይታያሉ። በደቡብ ምዕራብ በኩል ያለችው በቡና ደን የተሸፈነችው ዘጌ ብዙ ጊዜ ከደሴቶቹ ጋር ትቈጠራለች፤ ነገር ግን በአንድ ወገን ከየብስ ጋር የተያያዘች ስለ ሆነች ባሕረ ገብ ምድር እንጂ ደሴት አይደለችም። የእነዚህ ደሴቶች ጎረቤቶች በዙሪያቸው ያሉት አገሮች ናቸው። በሰሜን ጎርጎራና ደምቢያ፣ በምሥራቅ ፎገራና ደራ፣ በደቡብ ባሕር ዳር፣ በደቡብ ምዕራብ አቸፈር፣ በምዕራብ ደግሞ ዓለፋና ጣቁሳ ይገኛሉ።

ታዲያ የጣና ደሴቶች ስንት ናቸው? በ17ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ሚስዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜዳ 21 ደሴቶች እንዳሉ፣ ከእነርሱም በሰባቱ ወይም በስምንቱ ላይ ገዳማት እንደሚገኙ ጽፏል። ከአንድ ምዕት ዓመት በላይ ቈይቶ እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ በአካባቢው የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ፣ የአገሩ ሰዎች ሰው የሚኖርባቸውን ደሴቶች 45 አድርገው እንደሚቈጥሩ ገልጾ፣ እርሱ ግን ቁጥራቸው 11 ገደማ ሳይሆን እንደማይቀር ገምቷል። በ20ኛው ምዕት ዓመት የነበረ አንድ የመልክዓ ምድር ዐዋቂ 37 ደሴቶችን በስም ዘርዝሯል፤ ከእነዚህም 19ኙ ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን ያለባቸው ወይም የነበረባቸው ናቸው ብሏል። ዛሬ በብዙ መጻሕፍት ላይ የምናነበው ይህ 37 የሚለው ቁጥር ነው።

ሃያ አንድ፣ አርባ አምስት፣ ዐሥራ አንድ፣ ሠላሳ ሰባት፤ ከእነዚህ ውስጥ እውነተኛው የትኛው ነው? ጥያቄው እንዲህ ሆኖ ሲቀርብ መልስ ማግኘት ያስቸግራል። አንዱ የቈጠረው ሰው የሚኖርበትን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ከውኃ በላይ ብቅ ያለውን ዐለት ሁሉ ቈጥሮ ይሆናል። አንዱ ያየው ክረምት አልፎ ሐይቁ ሲሞላ፣ ሌላው ደግሞ በጋው ጸንቶ ሐይቁ ሲጎድል ሊሆን ይችላል። እንዲያውም የጣና ውኃ በየዓመቱ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ብሎ፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ የሚነግረን ጸሐፊ ግማሹን ብቻ ነገረን። ማን፣ መቼና ምንን እንደ ቈጠረ ሲጨምርልን ነው ነገሩ የሚሟላው።

ደሴቶቹ በታሪክም በትውፊትም የታወቁ ናቸው። ክብራን ገብርኤል የተመሠረተው በ14ኛው ምዕት ዓመት ነው። በደቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ያለው ናርጋ ሥላሴ በ18ኛው ምዕት ዓመት በእቴጌ ምንትዋብ የተሠራ ነው። በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብንና ዐፄ ፋሲልን ጨምሮ የበርካታ ነገሥታት ዐፅም ያርፋል። ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት በጣና ቂርቆስ ለብዙ ዘመን እንደ ቈየች ደግሞ በገዳሙ ትውፊት ይነገራል። ውኃው ለእነዚህ ገዳማት እንደ ቅጥር ሆኖ አገልግሏል፤ በጦርነት ዘመን ብዙ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በዚህ ቅጥር ውስጥ ተጠብቀው ኖረዋል።

ለደሴት ነዋሪ ውኃ ቅጥር ብቻ አይደለም፤ መንገድም ነው። ገበያ መውጣት፣ እህል ማስፈጨት፣ ሕመምተኛን ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ፣ ሁሉም በውኃ ላይ የሚደረግ ጉዞን ይጠይቃል። በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩት ወይጦዎች ከደንገል ታንኳ በመሥራት ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። ከታንኳው ጎን ለጎን ዛሬ በሞተር የሚሄዱ ጀልባዎችና መርከቦችም ያገለግላሉ። ዓሣውም የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነው፤ ከጣና በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች እንዳሉም በምርምር ተረጋግጧል። እንግዲህ ውኃው ሲታመም መንገዱም፣ ገበያውም፣ ማዕዱም አብሮ ይታመማል።

ከቅርብ ዘመን ወዲህ ደግሞ ሐይቁ በሰው እጅ የሚነካ ሆኗል። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ስፍራ የጨረጨራ የውኃ መቈጣጠሪያ ግድብ ተሠርቶ የሐይቁ ውኃ በመዝጊያ የሚለቀቅ ሆነ። በ1995 ዓ.ም. የዝናብ እጥረትና ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ውኃ ተደማምረው የሐይቁ ከፍታ በእጅጉ ወረደ፤ የመርከብ ጉዞም ተስተጓጐለ። ያን ጊዜ የሐይቁ ዳርቻ ምን ያህል እንደሚሸሽ ሁሉም በዐይኑ አየ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ ታወቀ። አረሙ በተለይ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ የታንኳን መንገድ ዘጋ፤ የዓሣ መረብ መጣያውንም ሸፈነ፤ ገበሬውም በእጁ እየነቀለ በዘመቻ ለማስወገድ ሲደክም ኖረ። በ2007 ዓ.ም. የጣና አካባቢ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

ይህን ሁሉ በጫግኒ ተቀምጦ የሚያነብ ተማሪ፣ «ጣና የሌላ አገር ነገር ነው፤ እኛን ምን ይመለከተናል?» ሊል ይችላል። ካርታ ዘርግቶ ወሰን ብቻ የሚመለከት ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። የውኃውን መንገድ የሚከተል ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። በአዊ ዞን በዳንግላ በኩል የሚዘንበው ዝናብ በገባር ወንዞች አማካይነት ወደ ግልገል ዓባይ ይገባል፤ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና ይወርዳል። ከተራቈተው ማሳ የተሸረሸረው አፈር ከውኃው ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ሐይቁን ይደለድላል፤ በአፈሩ ውስጥ ያለውም ምግብ አረሙን ያፋፋዋል። እንግዲህ አዊ ለጣና የላይ ጎረቤት ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ የታች ጎረቤት ነው። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሐይቁን ውኃ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም የምድር ውስጥ ዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ሸለቆ ያፈሰዋል። የማመንጨት ዐቅሙም 460 ሜጋ ዋት ነው። የላይኛው በለስ ሸለቆ ከአዊ ወረዳዎች አንዱ የሆነውን ጃዊን ያካትታል። በለስ ከዚያ ቈልቍሎ በመተከል አቋርጦ ዓባይን ይቀላቀላል። በደቅ ደሴት ዳርቻ ታንኳ የተንሳፈፈበት ውኃ፣ ተራራ ሥር አልፎ የጃዊን ምድር ያረሰርሳል፤ ከጫግኒ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው ቆላም ያልፋል። የላይ ጎረቤት አፈሩን ቢለቅ፣ የታች ጎረቤትም ውኃውን ያለ ልክ ቢስብ፣ በመካከል ያለችው ደሴት ሁለቱንም ትቀበላለች።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። ከእንጅባራ ተነሥቶ በጫግኒ በኩል ወደ መተከል የሚወርደው መንገድ እስከ ጉባ ይዘልቃል። በጉባ ከሐምሌ ወር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ውኃ መያዝ የጀመረው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከግድቡ ኋላ የተኛው ንጋት ሐይቅ ሲሞላ፣ ትናንት ኮረብታ የነበሩት ከፍታዎች ዛሬ ደሴቶች ሆነዋል። ደሴት የምትወለደው በጥንት ዘመን በእሳተ ገሞራ ብቻ አይደለም፤ በእኛም ዘመን፣ በእኛው ጎረቤት ትወለዳለች። የእነዚህም ቁጥር እንደ ጣናዎቹ ሁሉ ከውኃው ጋር ከፍና ዝቅ ይላል።

ስለዚህ «የጣና ደሴቶች ስንት ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ አስተዋይ ተማሪ ከመመለሱ በፊት «የትኛው ዓመት? የትኛው ወር? በማን ቈጠራ?» ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎም የሚከብደውን ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ከዛሬ ሃምሳ ዓመት በኋላ ስንት ይሆናሉ?» የዚህኛው መልስ በሐይቁ ዳርቻ ብቻ ሳይሆን፣ በዳንግላ ማሳ፣ በጃዊ መስኖና በባሕር ዳሩ የውኃ መዝጊያ ላይ የሚጻፍ ነው።

ሐ. የቃላት ፍቺ

1. የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ በገቡበት አኳኋን ፍቱ።
ሀ) የብስ  ለ) ተንጣሎ  ሐ) ቅጥር  መ) የተራቈተ ማሳ  ሠ) ይደለድላል  ረ) ማዕድ  ሰ) ያፋፋዋል

2. «ውኃው ሲታመም መንገዱም፣ ገበያውም፣ ማዕዱም አብሮ ይታመማል» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ይታመማል» የሚለው ግሥ በቀጥተኛ ፍቺው አልገባም። በእያንዳንዱ ስም ምን ማለት እንደ ሆነ በሦስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ግለጹ።

3. «የላይ ጎረቤት» እና «የታች ጎረቤት» የሚሉት ሐረጎች በዚህ ምንባብ ከተለመደው ፍቺያቸው በምን ይለያሉ?

መ. የመረዳት ጥያቄዎች

በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. ጸሐፊው ስለ ጣና ጥልቀት ከተናገረ በኋላ «ይህን ነገር አስታውሱት» ያለው ለምንድን ነው? ወደ ነገሩ የተመለሰውስ በየትኛው አንቀጽ ነው?
2. ብሩስ የጻፋቸው ሁለት ቁጥሮች የየማን ናቸው? ለምንስ ሊለያዩ ቻሉ ትላላችሁ?
3. ዘጌን ደሴት ማለት ስሕተት የሚሆነው ለምንድን ነው?
4. ስለ ሕንድ ውቅያኖስ አገሮች የተጻፈው አንቀጽ ለምንባቡ ዋና ሐሳብ ምን አስተዋጽኦ ያደርጋል? ቢወጣስ ምን ይጎድላል?
5. አዊ ለጣና የላይም የታችም ጎረቤት መሆኑን በካርታ ላይ የውኃውን መንገድ እየተከተላችሁ አሳዩ።

ሠ. ሰዋስው

አንደኛ፦ «ከ… በስተ» እና «በ…»

ቦታን ስንገልጽ ብዙ ጊዜ የምናምታታቸው ሁለት አገላለጾች አሉ። የሚከተሉትን አስተያዩ።

ሀ) ዳጋ ከደቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ትገኛለች።
ለ) ናርጋ ሥላሴ በደቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ይገኛል።

በሀ ላይ «ከ» መነሻን ያመለክታል፤ ዳጋ ከደቅ ውጭ ናት። በለ ላይ «በ» ማደሪያን ያመለክታል፤ ናርጋ ሥላሴ የደቅ አካል በሆነ ስፍራ ላይ ነው። ስለዚህ «ዳጋ በደቅ ደቡብ ምሥራቅ ትገኛለች» ብንል፣ ዳጋ ራሷን የቻለች ደሴት መሆኗ ቀርቶ የደቅ ክፍል ትሆናለች። አንዲት መስተዋድድ ስትለወጥ ወሰን ይለወጣል። በሰፈር ወሬ ይህ ስሕተት ቀላል ሊመስል ይችላል፤ በውል፣ በፍርድ ወይም በአገር ወሰን ጽሑፍ ላይ ሲገባ ግን መዘዙ ብዙ ነው።

ሁለት ቦታዎችን የሚለይ ነገር ሲኖር «በ… እና በ… መካከል»፤ መድረሻን ለማመልከት «እስከ»፤ አቅጣጫን ብቻ ለማመልከት ደግሞ «ወደ» እንጠቀማለን። «መንገዱ ወደ ጉባ ይሄዳል» ማለት አቅጣጫውን መንገር ነው፤ «መንገዱ እስከ ጉባ ይዘልቃል» ማለት ግን ጉባ መድረሱን ማረጋገጥ ነው።

መልመጃ አንድ። ባዶ ቦታዎቹን በተስማሚ መስተዋድድ ሙሉ።
1. ማዳጋስካር ___ አፍሪካ በስተ ምሥራቅ ትገኛለች።
2. የሞዛምቢክ የባሕር ወሽመጥ ___ ሞዛምቢክና ___ ማዳጋስካር መካከል ይገኛል።
3. ጃዊ ___ አዊ ዞን ውስጥ የምትገኝ ወረዳ ናት።
4. ግልገል ዓባይ ___ ጣና ይገባል።

ሁለተኛ፦ የእርግጠኝነት ደረጃ በግሥ

ጸሐፊ የሚያውቀውን፣ የሚገምተውንና የሰማውን በአንድ ዐይነት ግሥ መጻፍ የለበትም። አማርኛ ለእያንዳንዱ የሚሆን ማሰሪያ ግሥ አለው።

የታወቀ ነገር፦ ነው፣ ናት፣ ይገኛል፣ ተረጋግጧል። «ከሐይቁ የሚወጣው ወንዝ ዓባይ ነው።»
ግምት፦ ይሆናል፣ ሳይሆን አይቀርም፣ ይገመታል። «የቈጠረው ሰው የሚኖርበትን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።»
ትውፊት፦ ይነገራል፣ ይባላል፣ ይታመናል። «ታቦተ ጽዮን በጣና ቂርቆስ እንደ ቈየች ይነገራል።»
የሌላ ሰው ቃል፦ ጽፏል፣ ብሏል፣ ገልጿል። «አልሜዳ 21 ደሴቶች እንዳሉ ጽፏል።»

ትውፊትን «ይነገራል» ብሎ መጻፍ ትውፊቱን ማቃለል አይደለም። ነገሩን ለባለቤቱ መስጠት ነው። እንዲሁም ግምትን «ሳይሆን አይቀርም» ብሎ መጻፍ ፍርሃት አይደለም፤ አንባቢን ማክበር ነው።

መልመጃ ሁለት። ከምንባቡ ውስጥ ለአራቱም ደረጃዎች ሌላ አንዳንድ ምሳሌ አውጥታችሁ ጻፉ። ከዚያም የእያንዳንዱን ማሰሪያ ግሥ በሌላ ደረጃ ግሥ ለውጡና ትርጕሙ እንዴት እንደሚለወጥ አስረዱ።

ረ. ድርሰት

ገላጭ ድርሰት አንድን ነገር በቃላት ሥሎ ላላየው ሰው የሚያሳይ ጽሑፍ ነው። ቦታን የሚገልጽ ድርሰት ሲዘጋጅ የሚከተለው አስተዋጽኦ ይረዳል።

አንደኛ አንቀጽ፦ አቀማመጥ። ቦታው የት ነው? በየትኛው ግዛት ሥር ነው? ከታወቀ ስፍራ በየት በኩል ይገኛል?
ሁለተኛ አንቀጽ፦ ጠባይ። ከፍታው፣ አየሩ፣ ውኃው፣ የሕዝቡ አኗኗር ምን ይመስላል?
ሦስተኛ አንቀጽ፦ ጎረቤት። ከማን ይዋሰናል? በመንገድ፣ በገበያ ወይም በውኃ ከማን ጋር ይገናኛል? ይህ ግንኙነት ምን ይሰጠዋል? ምንስ ይጠይቀዋል?

ለመጀመሪያው አንቀጽ የሚከተለውን እንደ ምሳሌ ተመልከቱ።

«ጫግኒ በአማራ ክልል፣ በአዊ ዞን የምትገኝ ከተማ ናት። ከዞኑ ዋና ከተማ ከእንጅባራ በስተ ምዕራብ ስትሆን፣ ከደጋማዋ እንጅባራ ይልቅ ዝቅ ባለ ምድር ላይ ተቈርቍራለች። ከእንጅባራ የሚነሣው መንገድ በከተማይቱ አልፎ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ወዳለው ወደ መተከል ዞን ይወርዳል። በዚህም የተነሣ ጫግኒ የደጋውና የቆላው ሰው የሚገናኝባት በር ናት።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ኀይለ ቃሉ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ነው። የሚከተሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አቅጣጫን፣ ከፍታንና መንገድን ይጨምራሉ። የመጨረሻው ደግሞ ቀደም ሲል ከተነገሩት ነገሮች የሚወጣውን ድምዳሜ ይሰጣል። «በር» የሚለው ቃል ያለ መንገዱ ወሬ ቢቀርብ ኖሮ ባዶ ምስጋና ይሆን ነበር፤ መንገዱ ከተነገረ በኋላ ግን ማስረጃ ያለው አገላለጽ ሆኗል።

መልመጃ ሦስት። ከዚህ በታች ያለው አንቀጽ ለማስተማሪያ ሲባል ስሕተት እንዲበዛበት ተደርጎ ተዘጋጅቷል። ቢያንስ አራት ስሕተቶችን ፈልጋችሁ ካወጣችሁ በኋላ አንቀጹን አስተካክላችሁ ጻፉ።

«ጣና እጅግ ጥልቅ ሐይቅ ነው። ደሴቶቹ ከጥንት ጀምሮ 37 ናቸው። ከደሴቶቹ አንዷ በቡና የታወቀችው ዘጌ ናት። ዳጋ በደቅ ደቡብ ምሥራቅ ትገኛለች። ታቦተ ጽዮን በጣና ቂርቆስ መቈየቷን ብሩስ ቈጥሯል። ሐይቁ ከአዊ ሩቅ ስለ ሆነ የአዊ ገበሬ ለሐይቁ የሚያደርገው ነገር የለም።»

መልመጃ አራት። ከሚከተሉት በአንዱ ርእስ ባለ ሦስት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።
1. በቀበሌያችን የሚያልፈው ወንዝ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?
2. የከተማችን ጎረቤቶች
3. አንድ የታወቀ ደሴታዊ አገር፣ ግዛቱና ጎረቤቶቹ

ድርሰታችሁን ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ሽማግሌ ወይም ባልቴት አነጋግሩ፤ ወንዙ ወይም መንገዱ በልጅነታቸው ዘመን እንዴት እንደ ነበረ በአክብሮት ጠይቁ። የነገሯችሁን በራሳቸው ስም «እንደ ነገሩኝ» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያም በዐይናችሁ ያያችሁትን ለብቻው አስቀምጡ። ሁለቱ ቢለያዩ አንዱን አትሰርዙ፤ ልዩነቱን ራሱን ግለጹ። በሁለቱ መካከል የተለወጠው ነገር ውኃው ሊሆን ይችላል።

ሰ. ማጠቃለያ

ቦታን የሚገልጽ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። መስተዋድዱ ወሰንን እንዳያፋልስ መጠንቀቅ፤ ቁጥር ሲጻፍ የቈጠረውን ሰውና የተቈጠረበትን ጊዜ አብሮ መጻፍ፤ ጎረቤትን በድንበር ብቻ ሳይሆን በሚጋሩት ነገርም መፈለግ። ድርሰታችሁን ለመምህራችሁ ከማስረከባችሁ በፊት እነዚህን ሦስቱን በእያንዳንዱ አንቀጽ ላይ እየጠየቃችሁ ፈትሹ።